ዕዳው ገብስ ነው ወይስ ቡና?

ሰው ከአባቱ ርስት እንደሚወርስ ቃልም ይወርሳል። ርስት ሲወረስ ሽማግሎች ተሰብስበው ድንበሩን ያያሉ፤ ቃል ሲወረስ ግን ድንበሩን የሚያይለት የለም። ስለዚህ አንድ አባባል በተወለደበት አገር እውነት ሆኖ ሳለ፥ ወደ ሌላ አገርና ወደ ሌላ ዘመን ሲሻገር መልኩ እንዳለ ሆኖ ትርጓሜው ይለወጣል፤ ተናጋሪውም ይህን ሳያስተውል ይፈርድበታል። ዛሬ ልንመረምር ያሰብነው ስለ ዕዳና ስለ ኑሮ ልክ የሚነገሩትን ጥቂት ቃሎች ነው። የምንመረምርበትም ስፍራ ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች ናቸው። በነዚህ ከተሞች ሽማግሌና ወጣት ስለ መግዛትና ስለ መበደር ሲከራከሩ እርስ በርሳቸው የሚወራወሩት ተረትና ምሳሌ ስለ ሆነ፥ ክርክሩን ለመዳኘት የሚወድ ሰው አስቀድሞ ቃሉን መመርመር ይገባዋል።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ በአጋሮ ከተማ በአንድ ለቅሶ ቤት የሰማሁት ነገር ነው። በጎማ ወረዳ ቡና ያላቸው አንድ ሽማግሌ፥ የልጅ ልጃቸው እኩሌታውን ዋጋ በብድር አድርጎ ስለ ገዛው ሞተር ብስክሌት በሰው ፊት ገሠጹት። «ልጄ፥ እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» አሉት። ወጣቱም ራሱን ዝቅ አድርጎ፥ «አያቴ፥ እርስዎስ ቡናውን ገና ሳይቀላ ለነጋዴ አልሸጡምን?» ብሎ መለሰ። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ወደ እኔ ዘወር አሉና፥ «የኔታ፥ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ። እኔም የተለመደውን ምክር ሰጥቼ፥ ወጣቱ ተነሥቶ የአያቱን ጉልበት እንዲስም አደረግሁ። ሰውም ሁሉ ደስ አለው። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን፥ ዕድሜን አከበርሁ እንጂ ነገሩን እንዳልዳኘሁ ታወቀኝ። ይህ ጽሑፍ ያን ፍርድ እንደ ገና ለማየት የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ የሽማግሌውን ቃል እንመልከት። «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የሚለው አባባል ውበቱ በአጭርነቱ ነው። «ጎረቤት» በሚለው ቃል ውስጥ «ቤት» ተቀምጧልና፥ ጆሮ ሁለቱን አከታትሎ ሲሰማ የሰው ቤት ለራስ ቤት ምን ያህል እንደሚቀርብ፥ ዓይንም ካንዱ ወደ ሌላው እንዴት በቀላሉ እንደሚሻገር ያስተውላል። ዳሩ ግን አባባሉ ሳይናገረው ያለፈ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሰው ሁሉ የቤቱን ልክ ያውቃል ብሎ መነሣቱ ነው። እህል በሚዘራበት አገር ይህ እውነት ነው። ገበሬው በጥር ወር ጎተራውን ከፍቶ ቢያይ፥ እስከሚመጣው መከር ድረስ የሚበላውንና የሚዘራውን በዓይኑ ይለካል። ቡና በሚለቀምበት አገር ግን ጎተራ እንዲህ ያለ ምስክር አይሆንም። ጀንፈሉ በጆንያ ተሞልቶ እስከ ጣራ ቢደረደር ካልተሸጠ በቀር አይበላም፤ ዋጋውንም የሚቆርጠው ባለቤቱ አይደለም።

ለዚህ ምስክር የሚሆኑ ዓመታትን እንጥቀስ። በ1981 ዓ.ም. በዓለም የቡና ስምምነት የተደነገገው የኮታ ሥርዓት ሲፈርስ ዋጋው ወደቀ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ በኒው ዮርክ ገበያ የአረቢካ ቡና ዋጋ፥ ከግማሽ ኪሎ ጥቂት በሚያንሰው በአንድ ፓውንድ፥ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር በዚያው ገበያ አንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ተሸጠ። እንግዲህ ያው ሰው፥ ያው እርሻ፥ ያው ዛፍ ሆኖ ሳለ፥ በአንዱ ዘመን ድኻ በሌላው ዘመን ባለጸጋ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰው «እንደ ቤትህ ኑር» ብንለው፥ «የትኛው ዓመት ቤቴን ነው የምትሉኝ?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልስለታለን?

ሁለተኛው ቃል በከተማም በገጠርም በሰው ሁሉ አፍ ያለው «ዕዳው ገብስ ነው» የሚለው ነው። ሰው አንድን ነገር ሲያቃልል ይናገረዋል። ፍቺው እንዲህ ይመስለኛል። ገብስ ፈጥኖ የሚደርስ እህል ነው፤ በሦስትና በአራት ወር ታጭዶ ይገባል። ስለዚህ የገብስ ዕዳ ያለበት ሰው መክፈያው በማሳው ላይ ሲያድግ እያየ ይተኛል። አበዳሪውም ጎረቤቱ ነውና፥ ዝናብ ሲቀር ለሁለቱም እንደ ቀረ ያውቃል። በዚህች አጭር ቃል ውስጥ ሦስት ነገሮች ተሰውረዋል። የመክፈያው ጊዜ የታወቀና የቀረበ ነው፤ የተበደሩትና የሚከፍሉት ነገር አንድ ዓይነት ነው፤ አበዳሪውም ፊቱ የሚታይ ሰው ነው። ዕዳውን ያቀለሉት እነዚህ ሦስቱ ናቸው እንጂ የገብስ ርካሽነት ብቻ አይደለም።

አሁን ይህን ቃል ወደ ጅማ አምጥተን በገብስ ስፍራ ቡናን ብንተካ ሦስቱም ይናወጣሉ። የቡና ችግኝ የመጀመሪያ ፍሬውን እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ያስጠብቃል። ካፈራም በኋላ የሚለቀመው በዓመት አንድ ወራት፥ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ግድም ነው፤ አንድ ዓመት በርትቶ ያፈራ ዛፍም በሚከተለው ዓመት ይደክማል። ብድሩ ብር ነው፥ መክፈያው ቡና ነው፤ በሁለቱ መካከልም ከባሕር ማዶ የሚነገር ዋጋ ቆሟል። ስለ ፊቱም ነገር በኋላ እንመለስበታለን። እንግዲህ የእህል አገር ሰው «ዕዳው ገብስ ነው» ሲል በእውነት ተናግሯል፤ የቡና አገር ሰው ይህን ቃል እንዳለ ተቀብሎ ዕዳን ቢያቃልል ግን ባልዘራው እህል ተስፋ አድርጓል ማለት ነው።

ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንምጣ። ጥያቄው ድፍረት ቢመስልም በነገሩ ትክክለኛ ነው። የቡና ንግድ ከጥንት ጀምሮ በዱቤና በቀብድ የቆመ ነው። ገንዘቡ ከላኪው ወደ አቅራቢው፥ ከአቅራቢው ወደ ሰብሳቢው፥ ከሰብሳቢው ወደ ገበሬው በቀብድ ይወርዳል፤ ቡናውም በዚያው መንገድ ተመልሶ ይወጣል። ክረምት ገብቶ ያለፈው ዓመት ገንዘብ ሲያልቅ፥ ገበሬው በዛፉ ላይ ያለውን አረንጓዴ ፍሬ በርካሽ ዋጋ ተስማምቶ ብር ይወስዳል። ይህ ነገር ብድር ተብሎ አይጠራም፤ «ሽያጭ» ይባላል። ስም ግን የነገሩን ባሕርይ አይለውጥም፤ በኅዳር የሚገኘውን በሐምሌ መብላት ነውና። ስለዚህ «የዛሬ ልጅ የነገን ገንዘብ ዛሬ ይበላል» የሚል ሽማግሌ ሁሉ የራሱን ሐምሌ ማስታወስ ይገባዋል።

ከዚህም ሌላ አሮጌው ትውልድ ስለ ጎረቤት ዓይን ሲል የሚበደረው ነገር አለ፤ ሠርግና ተዝካር ነው። ሞተር ብስክሌት በዱቤ የገዛውን ልጅ የሚነቅፍ አባት፥ ለልጁ ሠርግ በሬ በዱቤ ሲያርድ «ክብር ነው» ይላል። በሬው በሦስት ቀን ያልቃል፤ ዕዳው ግን ከዳሱ ጋር አይፈርስም። «እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የሚለው ቃል ከሁሉ አስቀድሞ መነገር የሚገባው በዚህ ስፍራ ነበር። በዚህ ስፍራ ግን ሲነገር አልሰማሁም፤ እኛም የድግሱ ተካፋዮች የሆንን ካህናትና መምህራን ዝም ብለናል።

ደግሞ አንዱ ቃል በሁለት ሰዎች ልብ ሁለት ሥዕል እንደሚስል እናስተውል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ፥ ጭሰኛው ለባለመሬቱ የነበረበትን ዕዳ ሁሉ ባስቀረ ጊዜ፥ እኒህ ሽማግሌ ወጣት ነበሩ። ስለዚህ «ዕዳ» ሲሉ በልባቸው የሚታያቸው የባለመሬቱ ደጅ ነው። የልጅ ልጃቸው «ብድር» ሲል የሚታየው የባንክ መስኮት ወይም በእጁ የያዘው ስልክ ነው። አንዱ የሚናገረው ስለ ባርነት ነው፤ ሌላው የሚናገረው ስለ መነሻ ገንዘብ ነው። ሁለቱም እንዳልተሰማሙ ያስባሉ፤ እውነቱ ግን ገና ስለ አንድ ነገር መነጋገር አልጀመሩም።

ወጣቱ በዚያ ቀን ያልተናገረው፥ እኔ ግን ስለ እርሱ ሆኜ የምናገረው ሌላ ክርክር ደግሞ አለ። ይኸውም ስለ ገንዘቡ ስለ ራሱ ነው። በአባ ጅፋር ዘመን በሒርማታ ገበያ ይዞር የነበረው ማርትሬዛ፥ ጠገራ ብር የምንለው፥ በራሱ ክብደት ዋጋ ነበረው። በማሰሮ አድርገው ቢቀብሩት ከብዙ ዘመን በኋላ ሲወጣ ያው ብር ነው። «መጀመሪያ አጠራቅም፥ ኋላ ግዛ» የሚለው ምክር የተወለደው ከዚያ ማሰሮ ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የብር ወረቀት ታውጆ ጠገራው ከሕጋዊ መገበያያነት ወጣ፤ ምክሩ ግን አብሮ አልተለወጠም። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን፥ ባንኮች ለቆጣቢ እንዲከፍሉ የታዘዘው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፥ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። እንግዲህ በቆጠበው ብር ሞተር ብስክሌት ለመግዛት ሦስት ዓመት የጠበቀ ልጅ፥ በሦስተኛው ዓመት ጎማውን ብቻ ገዝቶ ቢመለስ፥ ምክራችን እንደ ጎዳው ልናምን ይገባናል። ማሰሮው ሲቀልጥ እያየን «በማሰሮ አስቀምጥ» ማለት ምክር አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ለወጣቱ ስናገር ቆየሁ። አሁን ደግሞ ወጣቱ ራሱ የተቀበላቸውን አዳዲስ ቃሎች በዚያው ሚዛን እንመዝናለን። የምንመረምረው ስማቸውን እንጂ የባለቤቶቹን ሥራ አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ በቴሌብር ሦስት አገልግሎቶች አወጣ። ለብድሩ «መላ»፥ ሲገዙ የጎደለውን ለሚሞላው «እንደኪሴ»፥ ለቁጠባው «ሳንዱቅ» የሚል ስም ተሰጣቸው። ስም አውጪው አማርኛ የሚያውቅ ሰው ነው። «ሳንዱቅ» የአያትን ማሰሮ ያስታውሳል። «እንደኪሴ» ግን ለቅኔ ተማሪ ሊሰጥ የሚገባው ቃል ነው። በሽማግሌው ምሳሌ «እንደ ቤትህ» ሲባል፥ «እንደ» የሚለው አገባብ ልክን ያሳያል፤ በቤትህ መጠን ኑር ማለት ነው። በአዲሱ ስም «እንደ ኪሴ» ሲባል ግን፥ ያው «እንደ» ምሳሌነትን ያሳያል፤ ኪሴ ያልሆነውን ኪሴ እንደ ሆነ አድርጌ ልጠቀምበት ማለት ነው። አንዱ «እንደ» ወሰን ያበጃል፤ ሌላው «እንደ» ወሰን ያነሣል። ወጣቱ ሁለቱን በአንድ ድምፅ ይሰማልና፥ በሰሙ በኪሱ መጠን የሚኖር ሲመስለው፥ በወርቁ በሰው ኪስ ይኖራል። በአማርኛ ሰዋስው ውስጥ የዚህን ያህል ገንዘብ የሚያስከፍል አገባብ ሌላ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም በስልክ የሚሰጠውን ያለ መያዣ ብድር «ምቹ» ብሎታል። ይህ በሁለት ቋንቋ የተነገረ ኅብር ነው። በኦሮምኛ ወዳጅ ማለት ነው፤ በአማርኛ ሲሰሙት የተመቸ ማለት ይሆናል። በጅማ ከተማ ሁለቱም ቋንቋ በአንድ አፍ ይነገራልና፥ አንድ ሰው ስሙን ሲጠራ ወዳጅነትንና ምቾትን ባንድነት ይሰማል። ስሙ ያማረ ነው፤ መያዣ የሌለው ባለ ትንሽ ሱቅ ሰው ብድር የሚያገኝበት በር መከፈቱም መልካም ነው። ነገር ግን ወዳጅ ማለት የመክፈያው ቀን ሲያልፍ ፊቱን አይቶ የሚታገሥ ነው። ቀኑን በራሱ የሚቆጥር መዝገብ ወዳጅ ተብሎ ሲጠራ፥ ቃሉ የያዘውን ሳይሰጥ ይቀራል።

ስለ ፊት እንመለሳለን ብለን ነበር። «ወለድ» የሚለው ቃላችን ከ«ወለደ» የወጣ ነው፤ የጥንት ግሪክ ሰዎችም ልጅንና ወለድን በአንድ ቃል ይጠሩ ነበር። ዕብራውያን ግን ወለድን ከ«ነከሰ» በወጣ ቃል ሰየሙት። አንዱ የአበዳሪው ስም ነው፤ ሌላው የተበዳሪው ስም ነው። ፍትሐ ነገሥት አራጣን ይከለክላል፤ በጅማ የሚኖሩት እስላሞች ጎረቤቶቻችንም በሃይማኖታቸው ወለድን አይቀበሉም፤ ስለዚህ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም የተባለው ወለድ አልባ ባንክ ሥራ ሲጀምር ብዙዎች ደስ አላቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በብድር ውል የሚወሰነው ወለድ ከ12 በመቶ እንዳያልፍ ደንግጓል። ቀድሞ ደግሞ ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ከባለገንዘቡ ጋር በአንድ ሰንሰለት ይታሰር ነበር፤ ቁራኛ የሚለው ቃል ከዚህ የቀረ ነው። ሥርዓቱ ጨካኝ ነበርና ይመለስ አንልም። ነገር ግን አበዳሪውም አብሮ ይታሰር ስለ ነበር፥ ለማይከፍል ሰው ከማበደሩ በፊት ሁለት ጊዜ ያስብ ነበር። የዛሬው ቁራኛ በባለዕዳው ኪስ ውስጥ የሚተኛ ስልክ ነው፤ የሰንሰለቱን ሌላ ጫፍ ግን የያዘ እጅ አይታይም።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድር ነው? መበደር ሁሉ ጥፋት አይደለም፤ መግዛትም ሁሉ ትዕቢት አይደለም። ጥያቄው ዕዳው የራሱን መከር ያውቃልን የሚል ነው። ለዚህ በአጋሮ አጠገብ ምሳሌ እናገኛለን። ዱሮሚና የሚባለው የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በፈረንጆች 2010 ዓ.ም. ተቋቁሞ በብድር የእሸት ቡና ማጠቢያ ተከለ። ከዚያ በፊት የዚያ አገር ቡና ሳይታጠብ በዝቅተኛ ደረጃ ይሸጥ ነበር። በ2012 ግን ቡናቸው ከአፍሪካ ቡናዎች ጋር ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። ስሙ በኦሮምኛ ኑሮን ማሻሻል ማለት ነው። እዚህ ስምና ሥራ ተስማምተዋል፤ ዕዳው የተገባው ቀይ ፍሬን የተሻለ ዋጋ ለሚያስገኝ መሣሪያ ስለ ሆነ፥ መክፈያው በማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ይታይ ነበር። ይህ ዕዳ በቡና አገር የተዘራ ገብስ ነው።

በስልክ የሚገኘው ብድር ግን በቀናት፥ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ተመላሽ የሚሆን ነው። በየቀኑ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ወስዶ ዕቃ ቢያመጣበት ገብስ ይሆንለታል። ገቢው በዓመት አንድ ጊዜ በኅዳር የሚገባ የቡና ገበሬ በግንቦት ወስዶ ልብስና አዲስ ስልክ ቢገዛበት ግን፥ መከሩ ሳይደርስ መክፈያው ይደርሳል። አንዱን ለመክፈል ሌላውን ይበደራል፤ በመጨረሻም አያቱ እንዳደረጉት ቡናውን ሳይቀላ ይሸጣል። ያን ጊዜ ሁለቱ ትውልዶች ሳይስማሙ በአንድ በር ይወጣሉ።

ስለዚህ ለቡና ከተሞች አሮጌውን ቃል ሳንጥል አንድ ጥያቄ እንጨምርበት ዘንድ እወዳለሁ። ሰው ዕዳ ከመግባቱ በፊት «ዕዳው ገብስ ነው ወይስ ቡና?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መክፈያው እየበቀለ የሚታይ፥ ወሩ የታወቀ፥ አበዳሪውም የሚነጋገሩት ከሆነ ገብስ ነውና ይበደር። መክፈያው ሩቅ፥ ዋጋው በሌላ ሰው እጅ፥ አበዳሪውም ፊት የሌለው ከሆነ ቡና ነውና ይታገሥ። ይህ ጥያቄ ለሠርግ በሬም ለስልክም እኩል ይሠራል፤ ሽማግሌውንም ወጣቱንም አያዳላም።

ከዚያ ለቅሶ ቤት በኋላ ስለ ወጣቱ ጠየቅሁ። በዚያ ሞተር ብስክሌት ከአጋሮ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሰውና ዕቃ እያመላለሰ በየሳምንቱ ከዕዳው ጥቂት ጥቂት ይከፍላል። እንግዲህ የእርሱ ዕዳ ገብስ ነበረ። አያቱን በሰው ፊት መመለሱ ባያምርም፥ ሳልጠይቀው የፈረድሁበት እኔ ነበርሁ። ሽማግሎች «ብድር በምድር» ይላሉ፤ እኔም የፍርድ ዕዳዬን ሳልሞት በዚህ ጽሑፍ ከፍያለሁ። ወለዱን ደግሞ በሚቀጥለው ወደ አጋሮ ስወርድ፥ አያትና የልጅ ልጅ ባሉበት ቁጭ ብዬ በቃሌ እከፍላለሁ።